ጦጣዋ ስንተኛ ቤት ናት?

ሰው ከምን መጣ ብለው የሚጨነቁ ሁለት ዓይነት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሥራ የፈታና ልጁን ሊድር የተነሣ! ሌላውን ሕዝብማ የሚያስጨንቀው ከየት እንደ መጣ ሳይሆን ገበያው ሳይፈታ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ይህን የምለው ሰው ለማስቆጣት አይደለም... እሺ፣ ትንሽ ለማስቆጣትም ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ ሁለት አስተማሪዎች ሊተናነቁ ደረሱ። አንደኛው፣ “በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እግዚአብሔር ሰውን ከአፈር እንዳበጀው ካልተነገረ ልጆቹ ከሃዲ ሆነው ይቀራሉ” ይላል። ሁለተኛው፣ “ስብከቱን ለቄሱ ተውለት፤ ሳይንስ ሳይንስ ነው” ይላል። አንደኛው ጠረጴዛውን ሲደበድብ የኔ ሻይ ተደፋ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ቢሆንም አልተቀየምኩም፤ ሳቄን ለማፈን ስታገል ነበርና። እናንተዬ፣ ይህ ክርክር እኮ አዲስ አይደለም! ቡሬ ላይ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ አገር በተሰበሰበበት ተካሂዶ፣ ተፈርዶበት ያለቀ ነገር ነው። እንዴት አወቅህ ብትሉኝ... ሲከራከሩ የነበረው በኔ ሠርግ ላይ ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሊያን ቡሬ ገብቶ ምሽጉን ሲሠራ፣ እኔ መሪጌታ ፈንቴ ዘንድ ዜማ የምማር ጎረምሳ ዲያቆን ነበርኩ። ለምሽጉ ወጥ ቤት እንጨት ማቅረብ ግዴታ ስለነበረ፣ ስመላለስ ጣሊያንኛ ለቃቀምኩ። ታዲያ የለቃቀምኩት የድንችና የሽንኩርት ጣሊያንኛ ነው። ስለ ማካሮኒ እንደ ሊቅ እናገራለሁ፤ ከማካሮኒ ወዲያ ያለው ዓለም ግን ለኔ ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ለማንኛውም ጣሊያኖቹ ከምሽጉ አጠገብ ቆርቆሮ የለበሰች አንዲት ክፍል ሠርተው “ትምህርት ቤት” አሏትና እኔን ለአስተርጓሚነት ፈለጉኝ። ባንዳ ነበርክ ወይ? ብላችሁ ዓይናችሁን እንዳታጉረጠርጡብኝ! መሪጌታን አማክሬ ነው የገባሁት።

“ግባ” አሉኝ መሪጌታ። “ልጆቻችንን ምን እንደሚያስተምርብን የሚሰማ ጆሮ ኸውስጥ ይኑረን።”

ጆሮ አሉ እንጂ አፍ አላሉኝም። መዘዙ የመጣው ግን በአፌ ነው።

አስተማሪው ሲኞር ሬንዞ ይባላል። አጭር፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ በአገሩ የበቅሎና የፈረስ ሐኪም የነበረ ሰው ነው። መምህር ስላጡ፣ “ከብት ያከመ ሰው ሕዝብ ማስተማር አያቅተውም” ብለው ነው መሰለኝ ጠመኔ ያስያዙት። ክፉ ሰው አልነበረም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ክፉ ነበር ብልም እንደዚያው። የሚያውቃትን ነገር ካላስተማረ ምግብ የማይዋሐደው ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ደግሞ ከሕፃን እስከ ባለ ሪዝ ድብልቅልቅ ያሉ ናቸው። ገሚሱ ልጅ ነው፤ ገሚሱ “ካልመጣህ መንገድ ሥራ ትሄዳለህ” ተብሎ የመጣ ገበሬ ነው።

አሁን ስለ ማንጠግቦሽ ልንገራችሁ። ማንጠግቦሽ የመሪጌታ ፈንቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ምላሷ ምላጭ ነው። አባቷ ለተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲነግሩ እሷ ከጓዳ ሆና ሰምታ ከሁላችንም ቀድማ ትፈታው ነበር። እወዳት ነበር። ደስ ትለኝ ነበር አይደለም ያልኩት፤ እወዳት ነበር! ውሃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠብቄ “ደህና ዋልሽ?” ለማለት ስለማመድ ሰንብቼ፣ ስትደርስ “ደህና ዋሉ?” ብዬ አንቱ ያልኳት ሰው ነኝ። እንደ ምንም ሽማግሌ ልኬ እሺ ተባልኩ። የቡሬ ሽማግሌዎችም ዘራችንን ሰባት ቤት ቆጥረው “አይገናኙም” አሉ። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንዲሆን ተቆረጠ። ጾሙ ከገባ ሠርግ የለም። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ማንጠግቦሽ የማን እንደምትሆን አይታወቅም፤ ምክንያቱም ከደምበጫ በሰጋር በቅሎ እየተመላለሰ ለመሪጌታ ማር የሚያመጣ አንድ ነጋዴ ነበር። ያን ማር ሳስበው እስከ ዛሬ ጥርሴን ያመኛል።

እንግዲህ ሠርጉ ሲቃረብ ነው ሲኞር ሬንዞ ሥዕሉን የሣለው። በሰሌዳው ግራ ጠርዝ ጦጣ ሣለ። ቀጥሎ ጎበጥ ያለ፣ ጠጉራም፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ሣለ። ቀጥሎ እጀ ጠባብ የለበሰ፣ በትር የያዘ ሰው ሣለ... እኛን መሆኑ ነው። በስተ ቀኝ መጨረሻ ላይ፣ ባርኔጣው ላይ ላባ የሰካ፣ ደረቱ የተነፋ ሰው አስቀመጠ። የሥዕሉ ሆድ ትንሽ ነበር እንጂ ራሱ ሲኞር ሬንዞ ነው። ከዚያ ጠመኔውን በጦጣዋ ላይ አሳርፎ አንድ ነገር ተናገረና “ተርጉም” አለኝ።

እኔም እንደ ደንቡ ወደ ተማሪዎቹ ዞሬ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ በዜማ በተገራ ድምፄ፣ “አያታችን ጦጣ ናት!” አልኩ።

 ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ቀስ ብሎ ተነሣ። “ይቅርታ ይደረግልኝና...” አለ፣ “እንግዲያው በቆሎዬን የሚጨርሰው ዝንጀሮ ባለርስት ነዋ? ድርሻውን ነዋ የሚወስደው?”

ሲኞር ሬንዞ ሲተረጎምለት በጣም ተደሰተ። “ቤኔ፣ ጥሩ! ገብቶታል!” አለ።

አንባቢዬ፣ ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ገብቶሃል? ሳይንሱ ላይ እንዳይመስልህ! በእኛ አገር ሰው ምስክር ባለበት ቆሞ ዘሩን ከተናገረ በቃ፣ አለቀ! ርስት የሚካፈለው በዚያ ቃል ነው፤ ከወንድሙ የሚሟገተው በዚያ ቃል ነው፤ ሚስት የሚያገባውም በዚያው ቃል ነው። “አያቴ እገሌ ናት” ብሎ በአደባባይ የተናገረ ሰው፣ ነገ ተነሥቶ “ተሳስቼ ነው” ቢል ዳኛ አይሰማውም። እኔ ደግሞ ክፍል ሙሉ ሰው ባለበት፣ ያውም በዲያቆን ድምፅ፣ ጦጣን ከዘሬ አስገባሁ!

ወሬው ከኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት አገር ሲደርስ “አንድ የቡሬ ዲያቆን ጦጣ አያቴ ናት አለ” ነበር። ዱርቤቴ ገበያ ሲደርስ ጅራት አብቅያለሁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በመንገድ ላይ የማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ ወደ ኋላዬ እየዞሩ ያዩኝ ጀመር። ምን እንደሚፈልጉ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝ።

“አንተ ባየ!”

“አቤት የኔታ!”

“ዘር ቆጥረሃል አሉ።”

“ማን? እኔ? አስተረጎምኩ እንጂ...”

“ቃሉ ኸማን አፍ ወጣ?”

“ከኔ... ግን የሲኞሩ ነው!”

“ኸመናገርህ በፊት፣ ‘ይህ የኔ ቃል አይደለም’ ብለህ አስመስክረሃል?”

“ኧረ አላስመሰከርኩም።”

“ኸአፍ ኸወጣ አፋፍ!” አሉና ጭራቸውን አወናጨፉ። “ስማ። ልጄን ለጦጣ ዘር አልድርም! ቡሬ ውስጥ የተገኙትን ሽማግሌዎችም አላምንም፤ እንዲህ ያለ ጉድ በዘርህ እያለ አላዩም። ኸቋሪት ገበዝ ማርያም አያ ታዘበን አስመጣለሁ። እሳቸው ሲኞሩን እዚያው ትምህርት ቤቱ፣ እዚያው ሰው ፊት ያስቆጥሩት። ጦጣዋ ያንተም ናት ኸተባለ ሠርጉ ቀረ። ሌላም አለኝ። ልጆቹ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ሰዓት፣ ሥነ ፍጥረትን ኸኔ አፍ ይስሙ!”

አያ ታዘበ ማለት የቋሪት ሰው ናቸው። ከቋሪት እስከ ደምበጫ የማያውቁት ዘር የለም ይባላል። ሁለት ውሾች ሲጣሉ አይተው፣ “ተዉ፣ በእናት ትገናኛላችሁ” ብለዋል የሚባሉ ሰው ናቸው። እኚህ ሰው የቆጠሩትን ዘር የሚከልስ በአካባቢው አልነበረም።

ሲኞሩን ማሳመን ይከብዳል ብዬ ነበር። አልከበደም! ለካስ ከጦጣዋ ቀን ጀምሮ አንድም ተማሪ አልመጣም። ሲኞር ሬንዞ ባዶ ወንበር እያስተማረ፣ የምሽጉ አዛዥ ሊጎበኝ እንደሚመጣ ሰምቶ ላብ ሲያጠምቀው ነው የደረስኩት። “ሽማግሌዎች ሊመጡ ይፈልጋሉ፤ ከመጡ ሕዝቡ ሁሉ ይመጣል” ስለው፣ ሊስመኝ ምንም አልቀረው።

የክርክሩ ዕለት ክፍሉ ጢም አለ። በር ላይ ሰው፣ መስኮት ላይ ሰው። መሪጌታ ጥምጥማቸውን አሳምረው በፊት ወንበር ተቀመጡ። አያ ታዘበ ገብተው ቆሙ። ወዲያና ወዲህ አዩና የሚቀመጡበት ስላጡ፣ “መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ” አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሲኞር ሬንዞ “ኬ ዲቼ?” አለኝ፤ ምን ይላሉ? ማለቱ ነው።

“ወንበር ይሰጠኝ ይላሉ።”

የራሱን ወንበር ሰጣቸውና ቆሞ ቀረ። አያ ታዘበ ተደላድለው፣ ዘር ሲቆጥሩ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ።

“ስምዎ ማን ይባላል?”

“ሬንዞ።”

“አባትዎ?”

“ካርሎ።”

“የካርሎ አባት?”

“ሬንዞ።” ሲኞሩ ጨዋታው ጥሞት ፈገግ አለ።

“የዚያኛው ሬንዞ አባት?”

ሲኞሩ ቆርቆሮውን አየ። አገጩን አሸ። “ኖን ሶ” አለ።

“አላውቅም ይላሉ” አልኩ።

እንዲህ ያለ ድንጋጤ አይቼ አላውቅም! አንዲት አሮጊት መስኮቱ ላይ ሆነው “ውይ፣ የእናት ያለህ!” ብለው አፋቸውን ያዙ። እውነት ለመናገር ሰዉ አዘነለት። ቅድመ አያቱን የማያውቅ ሰው አይተን አናውቅማ! አያ ታዘበ ዓይናቸውን ገለጡ።

“ቅድመ አያቱን በስም የማያውቅ ሰው፣ የቅድመ አያቱን ቅድመ አያት ጅራት አየሁ ይላል?” አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ዘሩን ቆጥሮ የማይዘልቅ ርስት የለውም። ርስት የሌለው ሰው ደግሞ...” ብለው በመስኮቱ ምሽጉን አዩ፤ “...የሰው አገር ያምረዋል።”

“ኬ ዲቼ?”

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ከደጅ የምሽጉ ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

“ሲኞር ከሩቅ አገር ለኛ ሲሉ ለፍተው መጥተዋል ይላሉ።”

“ግራትሲዬ!” ብሎ አመሰገነና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

አያ ታዘበ ግን አልጨረሱም። በበትራቸው ሰሌዳውን አመለከቱ። “ኸነዚህ ማን ቀድሞ ተወለደ?”

ሲኞሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ ኖሯል። ጠመኔውን ይዞ ከጦጣዋ እየተነሣ፣ በኛ በኩል አልፎ፣ ባለ ባርኔጣው ላይ ሲደርስ በኩራት ቆመ። መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እናንተ፣ ከሁሉ በኋላ እኔ! አለ።

“ታናሽ መሆኑን ራሱ አመነ” አሉ አያ ታዘበ ወደ ሕዝቡ ዞረው። “ታላቅ ቆሞ እያለ ታናሽ ዳኛ ሲሆን የትም አገር አላየሁ።”

“ኬ ዲቼ?”

“ሥዕሉ ያምራል ይላሉ።”

በመጨረሻ ፍርዱ መጣ።  አያ ታዘበ፣ “ጦጣዋ ስንተኛ ቤት ናት?” ብለው ጠየቁ። ተረጎምኩለት። ሲኞሩ እጁን ዘረጋግቶ፣ ሺህም ይሁን፣ ሺህ ጊዜ ሺህም ይሁን፣ ብቻ በጣም ሩቅ ናት አለ። አያ ታዘበ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

“ኸሰባት ቤት በላይ ኸሆነች ባዳ ናት! ባዳ ጋብቻ አትከለክልም፤ ርስትም አትካፈል!”

ባለ በቆሎው ገበሬ “እልል!” ሊል ትንሽ ቀረው። እኔም ግድግዳውን ተደግፌ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ቀጥሎ ተራው የመሪጌታ ሆነ። ተነሥተው ጥምጥማቸውን አቃኑና፣ ሰው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት እንደ ተፈጠረ አስተማሩ። ድምፃቸው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ሲኞር ሬንዞ በኔ በኩል፣ “ጥሩ፤ ማስረጃው የት አለ?” ብሎ ጠየቀ።

“ማስረጃው?” አሉ መሪጌታ። “ማስረጃው አንቱ ራስዎ! ሲቆጡ እሳት ነዎት። ይኸው ግንባርዎ ላይ ውሃው ይንቆረቆራል። ሲፎክሩ ነፋስ ነዎት።”

“መሬቱስ?” አስባለኝ ሲኞሩ።

መሪጌታ ፈገግ አሉ። “መሬቱ አይቀርም። ሁላችንም እንገባበታለን... አንዳንዱ ቀደም ብሎ።”

ላቤን ጠርጌ፣ “ቦታ ለሁሉም ይበቃል ይላሉ” አልኩት።

ሲኞር ሬንዞ በጣም ረካ። ክፍሉ ሞልቶለታል፤ አዛዡ ቢመጣ አያፍርም። እዚያው ስምምነት ተደረገ፤ ሰኞ ጦጣ፣ ማክሰኞ አዳም፣ እንደዚያ እየተፈራረቁ እንዲያስተምሩ ተባለ። ልጆቹ ደግሞ ብልጥ ናቸው። ሰኞ ጠዋት “ሰው ከምን መጣ?” ሲባሉ “ከጦጣ ሲኞር!” ይላሉ። ማክሰኞ “ከአፈር የኔታ!” ይላሉ። የሚቀጣው ቀኑን የረሳ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ተገላገልኩ ብላችሁ ደስ አላችሁ አይደል? እኔም ደስ ብሎኝ ነበር...

የሠርጉ ዕለት ዳሱ ተጥሏል፤ በሬው ታርዷል፤ ጠላው ወጥቷል። እኔ ነጭ በነጭ ለብሼ ሚዜዎቼን አስከትዬ ከመሪጌታ ደጅ ደረስኩ። አያ ታዘበ የክብር ቦታ ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። አንዱ ጣጠኛ፣ “አያ፣ እስቲ ለምርቃቱ ያህል ዘራቸውን ይቁጠሩልን” አለ። ምን ቸገራቸው? ዓይናቸውን ጨፈኑና በኔ በኩል ጀመሩ። አባቴን፣ የአባቴን እናት፣ የአያቴን አባት... እያሉ ስድስተኛ ቤት ላይ እመት ብርቄ የምትባል የቋሪት ሴት ጋ ደረሱ። ከዚያ በማንጠግቦሽ በኩል ጀመሩ። አራት፣ አምስት... ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ። ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ገለጡ።

“እመት ብርቄ” አሉ። “ኸሁለት ባል ሁለት ልጅ ነበራት።”

 ጠላ የሚቀዳው ሰው ማንቆርቆሪያውን እንዳጋደለ ቀረና ጠላው ሰው እግር ላይ ፈሰሰ። የቡሬ ሽማግሌዎች፣ አይገናኙም ያሉት፣ መሬት መሬት ያያሉ። አያችሁልኝ? ጦጣዋ ባትመጣ አያ ታዘበ አይመጡም ነበር። አያ ታዘበ ባይመጡ እመት ብርቄ በሰላም ታርፍ ነበር! ጦጣዋን አመለጥኩ ስል ሰው ያዘኝ።

መሪጌታ ዳሱን አዩ። በሬውን አዩ፤ በሬው አሁን ወጥ ሆኗል። አጥሩ ጥግ የታሰረችውን የደምበጫውን ነጋዴ ሰጋር በቅሎም አዩ፤ ሰውየው እንደ እንግዳ ተጠርቶ መጥቶ ኖሯል። ነጋዴው ጺሙን ሲያሻሽ አየሁትና እንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቴን፣ ማንጠግቦሽ የሌለችበትን፣ ቁልጭ አድርጌ አየሁት፤ የሚያስጠላ ሕይወት ነበር።

ይህን ጊዜ ከጓዳው መጋረጃ ኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

“አባየ! ባየ አያቴ ጦጣ ናት ብሎ የለ?”

ሙሽራ በሠርጓ ቀን አትናገርም፤ ነውር ነው። ግን ነውሩን ያስታወሰ አልነበረም።

“አባየ፣ አንቱ አይደላችሁ ኸአፍ ኸወጣ አፋፍ ያላችሁ?” አለች ማንጠግቦሽ። “አያት ሁለተኛ ቤት ናት። ሁለተኛው ቤት ላይ ጦጣ ኸተቀመጠች፣ እመት ብርቄ ስድስተኛው ላይ በምን ትደርሳለች?”

አያ ታዘበ ቀስ ብለው ጢማቸውን ጨበጡ። “ሩቅ ነው ያለው ሲኞሩ ነው” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። “ያ የሲኞሩ ቆጠራ ነው። ልጁ ያለው ግን ‘አያታችን’ ነው። ምስክር አለ?”

“ሰምተናል!” አለ ዳሱ በሙሉ። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ባለ በቆሎው ገበሬ ነው።

“ባየ” አሉኝ አያ ታዘበ፣ “ቃልህን ታነሣለህ ወይስ ታጸናለህ?”

አያቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ደርባባ፣ ኩሩ፣ ጨዋ ሴት ነበረች። በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋት። ከዚያም ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ በዜማ በተገራው ድምፄ፣ “አያቴ ጦጣ ናት! አጽንቻለሁ!” አልኩ።

ሁሉም ወደ መሪጌታ ዞረ። ልጄን ለጦጣ ዘር አልድርም ያሉት እሳቸው ናቸው። ሥነ ፍጥረትን ለማስተማር ከጣሊያን ጋር የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። መሪጌታ ወጡን አሸተቱ፤ ወደ መጋረጃው አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“መቼስ...” አሉ፣ “ጦጣንስ ቢሆን የፈጠራት እግዚአብሔር አይደለም?”

እልልታው ምሽጉ ድረስ ተሰማ። ሲኞር ሬንዞ ምን ተፈጠረ ብሎ ሮጦ መጣ። “ኬ ዲቼ? ኬ ዲቼ?” ሲለኝ፣ “መሪጌታ በጦጣዋ አመኑ” አልኩት። ደስታውን አልችለው ብሎ አቀፋቸው፤ መሪጌታም ምን እንዳልኩት ስላላወቁ አቀፉት።

ጣሊያን ወጣ፤ አገር ረጋ፤ እኛም ወለድን። ልጆቻችን ደህና ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሳይንስ ፈተና “ሰው ከምን መጣ?” የሚል ጥያቄ መጣላቸው። የእናታቸው ልጆች ናቸውና ሳያመነቱ፣ “በእናታችን በኩል ከአዳም፣ በአባታችን በኩል ከጦጣ” ብለው መለሱ። መምህሩ ግማሽ ማርክ ሰጣቸው። የትኛውን ግማሽ እንደ ሰጣቸው ግን እስከ ዛሬ አልነገራቸውም።